«ሥራ አይናቅም» እየተባለ የሚቀበር ሙያ

አሜሪካ ገብቶ «ሥራ አይናቅም» ያልተባለ ሐበሻ የለም። ኤርፖርት የተቀበለው ዘመድ ይለዋል፤ ምድር ቤቱን ያከራየው የአገር ልጅ ይለዋል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ቆርሰው የሚሰጡት እናት ይሉታል። አባባሉ በራሱ ነውር የለበትም። ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት መቁረጥ፣ አረጋዊ ማጠብና ማጉረስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ መንዳት የተከበረ ሥራ ነው። አገር ቤት በዚህ ገንዘብ የተማረው፣ የታከመው፣ ቤት የሠራው ሰው ተቆጥሮ አያልቅም።

ችግሩ አባባሉ የሚነገርበት ቦታ ነው። 12 ዓመት ሙሉ ስታዋልድ የኖረች ነርስ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብታ «የነርስነት ፈቃድ እዚህ ለማውጣት ምን ላድርግ?» ብላ ስትጠይቅ «ሥራ አይናቅም፣ አሁን ሆም ሄልዝ ጀምሪ» ትባላለች። ሴትየዋ ማንንም አልናቀችም። የጠየቀችው ስለ አሠራር ነው፤ የተመለሰላት ስለ ጠባይ ነው። ደግማ ብትጠይቅ ትዕቢተኛ እንደምትባል ስለገባት ዝም ትላለች። ከ8 ዓመት በኋላም እዚያው ናት፤ የምታጥባቸው አዛውንት ተለዋውጠዋል፣ እሷ ግን አሁንም የምትጠራው ረዳት እየተባለች ነው።

ይህ ዝምታ ብዙ ሰው ይጠቅማል። ነርስ የሚያህል ሰው በረዳት ደመወዝ የሚያሠራውን ድርጅት ይጠቅማል። ደብዳቤ መላክ የሚሰለቸውን የአገር ቤት ሬጅስትራር ይጠቅማል። «ገብተሽ ሦስት ወር ሳይሞላሽ ምነው ብር አትልኪም?» የሚለውን ወንድም ይጠቅማል። የማይጠቅመው እሷንና እሷን ያስተማረውን ገበሬ ብቻ ነው።

በዲቪ እንጀምር። ዕጣው በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ተፈጥሮ ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ እስከ 55 ሺህ ቪዛ ሲያድል ኖሯል። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመተ ምሕረት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን፣ አለዚያም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የ2 ዓመት ልምድን ነው። ዲግሪ አይጠይቅም፤ ዲግሪ ያለውን ግን አያስቀርም። ፎርሙ ላይ ሰውዬው የትምህርት ደረጃውን ይሞላል፤ ቆንስላው ወረቀቱን አገላብጦ ያያል፤ ከዚያ ሰውዬው ደለስ ኤርፖርት ሲያርፍ ያ ሁሉ ታሪክ የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት የለም። ቪዛ የሚሰጠው የፌደራል መንግሥት ነው። የሐኪም፣ የነርስ፣ የፋርማሲስት፣ የመሐንዲስ ፈቃድ የሚሰጠው የየስቴቱ ቦርድ ነው። አንዱ በሩን ከፍቶ ያስገባል፣ ሌላው ለገባው ሰው ቁልፍ አልተቀረጸለትም።

የጉዳዩን ስፋት ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል። ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለው የዋሽንግተን የጥናት ተቋም በ2016 ባወጣው ዘገባ፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የኮሌጅ ምሩቅ ስደተኞች ወይ ሥራ ፈት እንደሆኑ፣ ወይም ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ትምህርት የማይጠይቅ ሥራ ላይ እንደሚገኙ ገምቷል። ከአራት የተማረ ስደተኛ አንዱ ማለት ነው። በዚህ የተነሳ በየዓመቱ የሚቀርባቸውን ደመወዝ ከ39 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድርጎታል። ይህ ገንዘብ ስንት እናት ቤት ሊደርስ ይችል እንደነበር ማንም አላሰላውም።

ወደ ሥራ ፍለጋው እንግባ፤ እሱ ራሱ ሌላ ሥራ ነውና፣ ያውም የማይከፈልበት። የሲቪል መሐንዲሱ ሌሊት ከፓርኪንግ ተመልሶ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ድርጅቱ መጀመሪያ አካውንት ክፈት ይለዋል፤ ይከፍታል። ሬዙሜህን አያይዝ ይለዋል፤ ያያይዛል። ከዚያ ሬዙሜው ላይ የሰፈረውን ሁሉ በየሳጥኑ አንድ በአንድ ዳግመኛ ሙላ ይለዋል። ቀጣዩ ድርጅት ደግሞ ሌላ አካውንት፣ ሌላ የይለፍ ቃል፣ ያው ሳጥን። የተማርክበትን ዩኒቨርሲቲ ከዝርዝሩ ምረጥ ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ በየገጠሩ ያለ የአሜሪካ ኮሌጅ ሁሉ አለ፤ እሱ አምስት ዓመት የደከመበት የለም። «ሌላ» የሚለውን ይጫናል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መልስ ከማይቀበል አድራሻ ኢሜይል ይደርሰዋል፦ ስላመለከትክ እናመሰግናለን፣ ከሌሎች እጩዎች ጋር ለመቀጠል ወስነናል። ብዙውን ጊዜ እሱም አይደርሰውም። አገር ቤት ቢያንስ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስሙን ሲያጣ፣ አብሮት ያጣ ሰው አጠገቡ ነበር፤ ተያይዘው ሻይ ይጠጡ ነበር።

እዚህ ላይ የስም ጉዳይ አለ። የሐበሻ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለውም። አሜሪካ ግን «ላስት ኔም» ካልሰጡት አይንቀሳቀስምና አያትየው በግዳቸው የቤተሰብ ስም ሆነው ይመዘገባሉ። ዲግሪው ላይ የአባት ስም በኬ ተጽፏል፤ ፓስፖርቱ ላይ በኪው። የስምንተኛ ክፍል ካርዱ ላይ ሌላ ነበር፣ ያኛውን ማንም አይጠይቀውም እንጂ። ለሐበሻ ይህ የአጻጻፍ ልዩነት ነው፤ ቀጣሪው ለሚያሠራው የማንነት ማጣሪያ ድርጅት ግን ሁለት የተለያየ ሰው ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። አንድ ሰው የተመረቀው በ2004 ዓ.ም. ነው እንበል፤ ዲግሪው በእንግሊዝኛ 2012 ይላል። የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ከ2005 እስከ 2010 ማገልገሉን ይመሰክራል፤ ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦታል። ማጣሪያው ላይ የተቀመጠው ፈረንጅ የሚያየው ከመመረቁ 7 ዓመት ቀድሞ መሐንዲስ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው። ደውሎ አይጠይቅም። «የማይዛመድ መረጃ» ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል።

የሪፈረንሱ ነገር ይብሳል። አገር ቤት ክብ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ አሜሪካ ማኅተሙን እንደ ጌጥ ያየዋል፤ የሚፈልገው ከድርጅቱ የራሱ አድራሻ የተላከ ኢሜይል ነው። የቀድሞ አለቃው ግን የሚጠቀሙት ጂሜይል ነው፤ እሱንም ልጃቸው ናት የምትከፍትላቸው። አጣሪው በዋሽንግተን የሥራ ሰዓት ከቀትር በኋላ ሲደውል አዲስ አበባ ሌሊት ነው። በማግሥቱ ፋይሉ ላይ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ተብሎ ይጻፋል።

ይህን ሁሉ አልፎ የደረሰ ሰውም ከስሙ አያመልጥም። በ2004 የታተመውና ብዙ የተጠቀሰው የበርትራንድና የሙላይናታን ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ ማስታወቂያዎች ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የፈጠራ ሬዙሜዎችን ልኮ ነበር። ሬዙሜዎቹ አቻ ናቸው፤ የሚለያዩት በስም ነው፣ ገሚሱ የነጭ የሚመስል፣ ገሚሱ የጥቁር አሜሪካዊ። የነጭ የሚመስል ስም ያለው በ10 ሬዙሜ አንድ ጥሪ ሲያገኝ የጥቁር የሚመስለው 15 መላክ ነበረበት። እነዚያ ስሞች ቢያንስ እዚያው አገር የተወለዱ ናቸው። ኃይለጊዮርጊስ የሚባል ሰው ስንት መላክ እንዳለበት በዚያ ጥናት አልተለካም። ብዙዎች ስማቸውን ቆርጠው «ጆርጅ» የሚሆኑት መልሱን በልምድ ስላወቁት ነው።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራው ደግሞ «ስለ ራስህ ንገረን» ይባላል። ይህ ጥያቄ ለአሜሪካዊ ልጅ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ የሠለጠነበት ጨዋታ ነው። ሐበሻው ያደገው ራሱን የሚያመሰግን ሰው ሲታማ እየሰማ ነው። ግድብ ላይ የሠራ ሰው «ሠርተናል» ይላል፤ ጠያቂው «አንተስ ምን ሠራህ?» ይላል፤ እሱም «ከባልደረቦቼ ጋር…» ብሎ ይጀምራል። በጠያቂው ወረቀት ላይ ይህ ሰው ምንም አልሠራም። በመጨረሻ የምትመጣው ደግሞ «የአሜሪካ ልምድ አለህ?» የምትለዋ ናት። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል። ኮንክሪት ግን በሜሪላንድም በወላይታም የሚደርቀው በአንድ ዓይነት ኬሚስትሪ ነው።

ይህ እንግዲህ የአሜሪካ ድርሻ ነው። አሜሪካን መውቀስ ደግሞ ይቀላል፤ ሩቅ ናት፣ ትልቅ ናት፣ አትመልስም። ወቀሳው ወደ አገር ቤት ሲዞር ነው ሰው የሚቆጣው።

የትኛውም ፈቃድ የሚጀምረው በትራንስክሪፕት ነው። የውጭ ትምህርት ማስረጃ ከሚገመግሙት ድርጅቶች ብዙዎቹ ከባለቤቱ እጅ ወረቀት አይቀበሉም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ ወይም በኢሜይል በቀጥታ እንዲልክላቸው ይጠይቃሉ። ለነርስ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ብቻ አይበቃም፤ አገር ቤት ፈቃድ የሰጣት አካልም በቀጥታ ማረጋገጫ መላክ አለበት። ሌላ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥያቄ ሲያገኝ ከድረ ገጹ ላይ ክፍያ ተቀብሎ በቀናት ውስጥ ይልካል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ግን መጀመሪያ ወኪል ያስፈልገዋል። ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይሰጣል፤ ወረቀቱ በሰው እጅ አዲስ አበባ ይገባል፤ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘግበዋል። ከዚያ ወንድሙ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ የተመረቀበት ከተማ ድረስ ይሄዳል። ሬጅስትራሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግሥቱ ሲስተም የለም። በሦስተኛው ቀን «የወጪ መጋራት ዕዳ ስላለበት አይሰጥም» ይባላል።

የወጪ መጋራቱ በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ተገቢ ነበር፦ መንግሥት ያስተማረው ሰው ሥራ ሲይዝ ከወጪው የተወሰነውን ይመልስ። አሜሪካ ያለውም ይመልስ፤ መመለስም ይፈልጋል። ለብዙዎች ዕዳው ወደ ዶላር ሲመነዘር የአንድ ሳምንት ደመወዝ አይሞላም። ተመራቂው ውጭ አገር ሆኖ በካርዱ ከፍሎ፣ ደረሰኙን አይቶ፣ ትራንስክሪፕቱን በዚያው ቀን ማስላክ የሚችልበትን መንገድ መዘርጋት የሚያቅተው አገር የሌለው ምን ይሆን? ስልክ ይዞ የአየር ትኬት የሚሸጥ አየር መንገድ አለው። ከገበያ እናቶች ጋር በሞባይል የሚገበያይ ቴሌ አለው። ዳያስፖራው ቦንድ እንዲገዛ፣ ለግድቡ እንዲያዋጣ ሲፈለግ የክፍያው መንገድ ተዘርግቶለት ነበር። የጎደለው ቴክኖሎጂ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ትራንስክሪፕቱን የያዘው ሰውዬ ባለጉዳዩን እንደ ከዳተኛ ያየዋል፤ «ሄደህ እያገኘህ አይደል፣ ምን አነሰህ?» ይላል በሆዱ። ያነሰውን አያውቅም። ትራንስክሪፕቱ በአንድ ዓመት የዘገየበት ሰው የነርስን ደመወዝ ትቶ በረዳት ደመወዝ አንድ ዓመት ይኖራል፤ ልዩነቱ ወደዚያው ወደ አገር ቤት ይላክ የነበረ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው ወቀሳ ነው ከሁሉም የሚጎመዝዘው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖረውን ሐበሻ ይመለከታል።

«መጀመሪያ ገንዘብ ያዝ፣ ትምህርቱ የትም አይሄድም» የሚለው ምክር ውሸት ነው። ይሄዳል። ለምሳሌ ሐኪሙን እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ስቴፕ አንድና ስቴፕ ሁለት የሚባሉትን ፈተናዎች ማለፍ፣ ከዚያ ለሬዚደንሲ ተወዳድሮ «ማች» ማድረግ አለበት፤ አገሩ ላይ ዐሥር ዓመት ቀዶ ጥገና የሠራ ስፔሻሊስት ቢሆን እንኳ ከእንደ ገና። ብዙ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ደግሞ የተመረቀበትን ዓመት አይተው ያጣራሉ፤ አምስት ዓመት ካለፈው ማመልከቻውን የማይከፍቱት ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ሦስት ዓመት ብቻ ኡበር ነድቼ ልቆጥብ» ያለ ሐኪም የቆጠበው ገንዘብ የማይገዛውን ነገር ነው ያጠፋው። ምክሩን የሰጠው ዘመድ ይህን አላወቀም፤ ባለማወቁ አይወቀስም። የሚወቀሰው የማያውቀውን ሙያ ጉዳይ በድፍረት መምከሩ ነው።

ገንዘብ ያዝ የሚባልበት ሥራም ሲሰላ ገንዘብ የማይያዝበት ነው። ኡበር የሚነዳ ሰው በሳምንት 60 ሰዓት ሠርቶ 1,200 ዶላር አገኘሁ ብሎ ይደሰታል እንበል። ለዚያ 1,000 ማይል ነድቷል። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በ2025 ለአንድ ማይል የተሽከርካሪ ወጪ 70 ሳንቲም ብሎ ተምኖ ነበር፤ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ የመኪናው እርጅና ተደምሮ። 700 ዶላሩ የመኪናዋ ነው ማለት ነው። የቀረው 500 በ60 ሰዓት ሲካፈል 8 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። የለም፣ የኔ መኪና ቆጣቢ ናት፣ በማይል 40 ሳንቲም ብቻ ነው የምትበላው ቢልም 13 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው፤ የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ 15 ዶላር በሆነበት። ከዚህ ላይ ተቀጣሪ ቢሆን አሠሪው ግማሹን የሚሸፍንለትን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ሙሉውን 15.3 በመቶ ራሱ ይከፍላል፤ በሕግ ዓይን እሱ ሠራተኛ ሳይሆን «ነጋዴ» ነውና። ሕመም ፈቃድ የለም፣ ጡረታ የለም። አንድ ቀን ተሳፋሪ ያለ እውነት ቢከሰው አካውንቱ ይዘጋል፤ የሚያባርረው አለቃ እንኳ ፊት ለፊት አያገኝም። ያች 1,200 ዶላር ግን በቡና ላይ ስትወራ ስድስት ሺህ ትሆናለች።

ፓርኪንጉስ? ሐበሻ በትኬት መቁረጫ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ለፈተና ያጠናበት ዘመን ነበር፤ ያ ዳስ የብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። አሁን በብዙ ቦታ ዳሱ ባዶ ነው። ካርድ የሚውጥ ማሽንና በስልክ የሚከፈል አፕ ተክቶታል። የድሮዎቹ «እኛም ከፓርኪንግ ነው የተነሳነው» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የተነሱበት ወንበር ግን ተነቅሏል። የዛሬው ልጅ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ መሪ ጨብጦ ማንበብ አይቻልም።

ከዚህ ጋር ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ባልና ሚስት ሁለቱም የተማሩ ሲሆኑ «ተራ በተራ እንማር» ይባላል፤ ተራው ብዙውን ጊዜ ከባል ይጀምራል። እሱ ሲጨርስ ልጅ ይወለዳል፤ ከዚያ ሁለተኛ ይወለዳል። የእሷ ተራ ይደርሳል እየተባለ ኤንክሌክስ የሚባለው የነርሶች ፈተና መጽሐፍ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ይቆያል።

«የበረታ ግን አልፏል» የሚል መከራከሪያ ሁልጊዜ ይመጣል። እውነት ነው፤ አልፏል። በዚያ አካባቢ ሆስፒታል ወይም ፋርማሲ ገብቶ ሐበሻ ባለሙያ የማያገኝ የለም። ግን ያለፉትን ጠጋ ብሎ የጠየቀ ሰው አንድ የጋራ ነገር ይሰማል፦ በመጀመሪያው ዓመት መንገዱን የሚያውቅ ሰው አግኝተው ነበር። የትኛው ወረቀት ቀድሞ እንደሚላክ፣ የትኛው ፈተና ክፍያው እንደሚመለስ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ገንዘብ በልቶ እንደሚለቅ የነገራቸው ሰው። ብርታት የሌለው ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ሌሊት በረዶ ውስጥ አይሠራም፤ ብርታት በዚያ ሕዝብ ዘንድ ሞልቷል። ያጠረው መረጃ ነው፤ እሱም የሚገኘው በዕድል ነው።

«የታካሚ ደኅንነት ስለሆነ ጥብቅ መሆን አለበት» የሚሉም አሉ። ይሁን፤ ፈተናው ይቅረብ፣ ጠንክሮም ይቅረብ። ግን ፈተናውን ያለፈ ሰው ላይ ሌላ ምን ይጨመርበት የሚለው የፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ ሊለወጥም ይችላል። ቴነሲ በ2023 ያወጣችው ሕግ ውጭ አገር የሠለጠነና የሠራ ሐኪም ፈተናውን ካለፈ ሬዚደንሲውን ሳይደግም፣ ሆስፒታል ቀጥሮት በጊዜያዊ ፈቃድ እየሠራ ወደ ሙሉ ፈቃድ እንዲሸጋገር በር ከፍቷል። ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋል፤ ቨርጂኒያ፣ ያውም ያ ሁሉ ሐበሻ የሚኖርባት ቨርጂኒያ፣ በ2024 የራሷን ሕግ አውጥታለች። እንዲህ ያለ ሕግ ከሰማይ አይወርድም። ሰው ተሰልፎ፣ ምክር ቤት ገብቶ መስክሮ፣ ለተመራጩ ደውሎ ነው የሚያመጣው።

ሐበሻው መደራጀት አይችልም እንዳይባል ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ከአሜሪካና ከካናዳ ከተሞች ቡድን ሰብስቦ ኳስ የሚያጫውት ሕዝብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ገዝቶ ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በሁለት ቀን ውስጥ የሚያዋጣ ሕዝብ ነው። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ያደረገው ቁጥሩና ድምፁ ስለተሰማ ነው። ዛሬ እዚያ ከተማ የምግብ ድጎማ ለመጠየቅ አማርኛ ያገለግላል። የሙያ ፈቃድ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚነግር የሰፈር ሰው የለም።

ሰው ሲሞት በሁለት ቀን የሚዋጣው ገንዘብ በከፊል እንኳ ለአንዲት ነርስ የፈተና ክፍያና የማስረጃ መገምገሚያ ቢበደር፣ ሥራ ይዛ በዓመቷ ትመልሰዋለች፤ በሚቀጥለው ወር ለሌላዋ ይደርሳል። ዕቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለማስረዳት አማካሪ አያስፈልገውም። የሐኪሞችም፣ የነርሶችም፣ የመሐንዲሶችም ማኅበራት አሉ፤ አገር ቤት መሣሪያ ይልካሉ፣ በጎ ሥራ ይሠራሉ። ከእነሱ የሚጠበቀው በወር አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ አዳራሽና ለአዲስ መጤው የሚያስረዱ ሦስት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ነው። ከኤምባሲውም የሚጠየቀው ቀላል ነው፦ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተመራቂያቸው በኢሜይል ሲጠይቅ ያለ ውክልና፣ የወጪ መጋራቱን በካርድ ተቀብለው፣ ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ እንዲልኩ ለትምህርት ሚኒስቴር አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። የማኅበራቱ መሪዎች ከአምባሳደሩ ጋር ራት ሲበሉ የሚያነሱት ጉዳይ ይጠፋቸዋል፤ ይህን ያንሱት። አምባሳደሩ እምቢ ካሉም እምቢታቸው በጽሑፍ ይጠየቅና ለአባላቱ ይነበብ።